የጊቤ ቁልቁለትና የተሳቢው ፍሬን

በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ፈረንጁ ያንን ተሳቢ ወልቂጤ ያመጣው ክረምቱ ሊወጣ፣ መስቀል ሊደርስ ሲል ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ የውጭ ነጋዴ ግቢ የተወረሰ የአሜሪካ ስሪት ነው አሉን። ሁለት ጎማ ያለው፣ ጠንካራ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ዕቃ ነበር፤ አልዋሽም። ችግሩ ፍሬኑ ነው። በዚያን ጊዜ በመንገዱ ላይ የምናያቸው ተሳቢዎች ፍሬናቸው በእጅ የሚጠመዘዝ ነበር፤ አንድ ምስኪን ከኋላ ተቀምጦ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ያጠብቃል፣ ዳገት በመጣ ቁጥር ያላላል። ይሄኛው ግን በኤሌክትሪክ የሚይዝ ነው። ፈረንጁ ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ አየውና የኤሌክትሪክ ሰው አምጡልኝ አለ። እኔን አመጡኝ።

ሥራውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ አንድ አርመን ጋራዥ ውስጥ ነው። ጣሊያን ሲገባ ጋራዡ ተዘጋ፣ እኔም ወደ አገሬ ወደ አገና ተመለስኩ፤ እዚያም ሥራ ሳጣ ወልቂጤ ታላቅ ወንድሜ ዘንድ መጣሁ። ስለ ሥራዬ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ያሰርኩት ሽቦ አይፈታም። ጉራ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ይምሰላችሁ። አርመኑ ራሱ፣ ሰው ማመስገን የሚያመው ሰውዬ፣ የሌላውን ሥራ አሥር ጊዜ እየነካካ የኔን ሳያይ ነበር የሚያሳልፈው። በሥራዬ የመጣብኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል። ያኔም እንዲሁ ነበርኩ፣ ዛሬ ሸምግዬም አልተሻለኝም።

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ቶሎ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው። ከጣሊያን በፊት በቅሎ ነጂ ነበር፤ ከቡታጅራ ገበያ በርበሬ ጭኖ ወደ አገና፣ ከአገና ቃጫ ጭኖ ወደ ቡታጅራ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። መኪና መንዳት የለመደው ጎልምሶ ነው። መሪውን እንደ ልጓም ላላ አድርጎ ይይዛል፣ ዳገት ላይ «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት» ይላታል። ሰዉ ይስቅበታል። ነገር ግን ወልቂጤ ውስጥ እንደሱ ተጠንቅቆ የሚነዳ ስላልነበረ ፈረንጁ ያችን ዛሬ ፒክአፕ የምንላትን ትንሽ የጭነት መኪና ለሱ እንጂ ለማንም አያምናትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጁ ጣሊያን ነው፣ የመንገድ ሥራ አለቃ። ጊቤ ወንዝ ላይ ለሚሠራው ድልድይ ሲሚንቶ ማውረድ አለበት፤ ትልልቆቹ ካሚዮኖች ደግሞ ጭቃ ውስጥ ገብተው ቀርተዋል። ያለችው የጋሼ ፒክአፕ ናት። እሷ ብቻዋን ምን ትይዛለች? ተሳቢው ይታሰርባት፣ ሲሚንቶው በሱ ላይ ይሁን ተባለ። ከወልቂጤ ወጥቶ ወደ ጊቤ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዛሬ በአውቶቡስ ተኝታችሁ ትወርዱታላችሁ። ያኔ ግን አዲስ የተቆረጠ መንገድ ነው፤ በአንድ በኩል የተፈለጠ ዓለት፣ በሌላ በኩል ገደል። እዚያ ላይ ሙሉ ጭነት የያዘ ተሳቢ፣ ፍሬን ሳይኖረው፣ ትንሽ መኪና ከኋላዋ ከገፋ ይዟት ነው የሚገባው።

የሚያስፈራው ደግሞ ገደሉ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ ሾፌር መኪናው ቁልቁለቱ ላይ አመለጠችው። እሱ በሩን ከፍቶ ዘሎ ተረፈ። ተረፈ ካላችሁት። ሆን ብለህ ነው፣ ሽፍቶቹ ልከውህ ነው ብለው ጣሊያኖቹ በማግስቱ ሰዉን ሰብስበው ግድግዳ አስደግፈው ረሸኑት። ሽፍታ የሚሉት አርበኛውን ነው። ጋሼ ሰውየውን ያውቀው ነበር፤ ብዙ ቀን አብረው ምሳ በልተዋል። ስለዚህ ፈረንጁ ተሳቢው ይታሰር ሲል፣ ከተሳቢው ጋር የሚታሰረው የጋሼ ነፍስ መሆኑ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ፈረንጁ አስተርጓሚ ነበረው። ከሰሜን የመጣ፣ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ወልቂጤ በመንግሥት ጸሐፊነት ይሠራ የነበረ ሰው ነው። አልወደውም ነበር። ንጹሕ ኮቱን ለብሶ ከጠላት ጋር ሲንጎራደድ ሳየው አንጀቴ ይቃጠላል። የዚያን ቀን በፈረንጁ አጠገብ ቆሞ ተረጎመልን። ፍሬኑ ባይዝ የሚጠየቀው ሾፌሩ ነው፤ ሽቦውን ያሰረውም በጭነቱ ላይ ተቀምጦ አብሮ ይወርዳል አለን። ፈረንጁ ዞር ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከራሱ ጨመረልን።

«ተጠንቀቁ። እነዚህ ሰዎች ዘንድ የተበላሸ ዕቃ የሚባል ነገር የለም። ያበላሸ ሰው ነው ያለው።»

ጋሼ አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰውየውን የበለጠ ጠላሁት።

ሥራውን ጀመርኩ። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ከባድ አይደለም። በእያንዳንዱ የተሳቢ ጎማ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት ጨምድዶ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ፍሬኑ ይገፋና ጎማው ይቆማል። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከመኪናዋ ባትሪ ነው። መሪው አጠገብ አንዲት እጀታ ትገጠማለች፤ ሾፌሩ ሲስባት ይይዛል፣ ሲለቃት ይለቃል። ታዲያ ኤሌክትሪክ መሄድ ብቻ አይበቃውም፤ ዞሮ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መመለሻ ከሌለው ከመነሻውም አይሄድም። ስለዚህ ሁለት ሽቦ ያስፈልጋል፤ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ።

ሁለት ሽቦ ከየት ይምጣ? አርበኞቹ የስልክ መስመር እየቆረጡ ይወስዱ ስለነበር፣ በቤቱ ክንድ የምታህል ሽቦ የተገኘችበት ሰው አለቀለት ማለት ነው። ካራቢኔሪዎቹ፣ የጣሊያን ፖሊሶቹ፣ ከመጋዘን ሽቦ የሰጡኝ እየለኩ ነው። ከባትሪው እስከ መሪው፣ ከመሪው እስከ ኋላ፣ ከኋላ እስከ ሁለቱ ጎማዎች ስዘረጋው ለመሄጃው በቅቶ ትንሽ ቁራጭ ተረፈኝ። ጨምሩልኝ አልኩ። አስተርጓሚው ሊጠይቅልኝ ሄዶ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሽቦ ለማን ነው የምትለምነው ብለው እሱን ራሱን አፋጥጠውት ኖሯል። ሁለተኛ በዚህ ነገር አልሄድልህም አለኝ።

መላ አላጣሁም። የመኪናዋ አካል ብረት ነው፣ የተሳቢው አካል ብረት ነው፣ ሁለቱ የሚያያዙበት መንጠቆና ቀለበትም ብረት ነው። መመለሻውን በብረቱ አደረግኩት። ኤሌክትሪኩ በሽቦ ይሄዳል፤ ሲመለስ በመንጠቆው በኩል ከብረት ወደ ብረት እየተሻገረ ባትሪው ዘንድ ይደርሳል። አርመኑም ሽቦ ሲያጥረው እንዲህ ያደርግ ነበር፣ ነውር የለውም። ብረት ብረትን በደንብ እንዲነካ መንጠቆውንና ቀለበቱን በአሸዋ እየፈተግኩ ዝገቱን አስለቀቅኩና ብር አስመሰልኳቸው። ሽቦው በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ እንዳይፈገፈግ በቆዳ ጠቀለልኩት። ማሰሪያውን በፒንሳ ጨምቄ ሳጠብቅ ጣቴ ደማ፤ ደስ እያለኝ ነው የደማው።

ከሰዓት በኋላ ፈተንነው። ባዶውን ተሳቢ አንዱን ጎማ በክሪክ አነሳን፣ ጋሼ በእጁ አሽከረከረው፣ እኔ እጀታዋን ሳብኩ። ጎማው ቀጥ አለ። ጋሼ ሳቀ። ድገመው አለኝ፤ ደገምኩት። ሌላውን ጎማ አነሳን፤ እሱም ቀጥ አለ። በዚያ በጭንቅ ሰሞን ጋሼ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፈረንጁም መጥቶ አየና ቤኔ፣ ቤኔ፣ ጥሩ ነው፣ ብሎ ሄደ።

ከዚያ ጋሼ ባዶውን ተሳቢ ግቢው ውስጥ ትንሽ ጎተተው። ብረት ለብረት ነውና ባቆመና በተነሳ ቁጥር መንጠቆው ቋ፣ ቋ ይላል፤ ተሳቢውም ይዘላል። ጋሼ ወርዶ መንጠቆውን ቆሞ አየው። በቅሎ ብትሆን ይሄ ጀርባዋን ይልጣት ነበር አለ። ብረት ጀርባ የለውም አልኩና ሳቅኩበት። አንተ እላዩ ላይ ነው የምትቀመጠው አይደል ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሲሚንቶው ሲጫን ካራቢኔሪዎቹ አስጠሩኝ። የተረፈችውን ቁራጭ ሽቦ ይዘህ ና ተባልኩ። ቁራጯን ለኩ፤ የሰጡኝን ከመዝገባቸው አዩ፤ የዘረጋሁትን በቃል አስቆጠሩኝ። አልገጥም አላቸው። እንደገና አስቆጠሩኝ። በየመታጠፊያው የሚባክነውን እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ጋሼን አድናለሁ ስል እኔው እዚሁ ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ አንዱ እጁን አወናጨፈና ሂድ አለኝ፤ ለምን እንደለቀቁኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስደርስ ሞተሩ ተነስቷል። ሲሚንቶው ተጭኖ በሸራ ተሸፍኗል። ፈረንጁ ጋሼ አጠገብ ገብቶ ተቀምጧል፤ አስተርጓሚው ቦታ አጥቶ በዚያ በንጹሕ ኮቱ ሲሚንቶው ላይ ወጥቷል። መንጠቆው ላይ አሮጌ ጆንያ ተጠቅልሎበታል። ለጭቃው ነው ብዬ አለፍኩት። ፍሬኑን አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ለመንኩ። አስተርጓሚው ከላይ ሆኖ ተረጎመልኝ፤ ፈረንጁ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ትናንት ይዟል አልያዘም ብሎ ጠየቀኝ። ይዟል አልኩ። እንግዲያው ውጣ አለኝ። ወጣሁ።

መንገዱ መጀመሪያ ሜዳ ነው። ጭቃው ጎማውን ይውጣል፣ ጋሼ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ተሳቢው ዝም ብሏል። ትናንት ቋ ቋ ሲል የነበረው ዛሬ ድምፁ የለም፣ አይዘልም፤ እንደ አልጋ ነው የተመቸኝ። ጭነቱ ነው ያረጋው ብዬ አሰብኩ። ጋሼ አንድ ሁለት ጊዜ እጀታዋን ሞክሯታል፤ ጭቃው ራሱ ስለሚይዘው ፍሬኑ የያዘ መሰለው። በመስኮት እጁን አውጥቶ ደህና ነው የሚል ምልክት ሰጠኝ። እኔም እጄን አነሳሁለት። እንዲያው ሞኝነታችን።

ቁልቁለቱ ላይ መሬቱ ደረቅ ነበር፤ ድንጋይ ነው። ገና የመጀመሪያውን መታጠፊያ ስንይዝ መኪናዋ ወደ ፊት ስትገፋ ታወቀኝ። ጋሼ ማርሽ ቀነሰ፤ ሞተሩ ጮኸ። የመኪናዋን ፍሬን ረገጠ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከኋላዋ ያለው ግን አይሰማም፤ ተሳቢው ዝም ብሎ ይገፋታል። ጎንበስ ብዬ ጎማውን አየሁት። በነፃ ይዞራል።

ጋሼ በመስኮት «ፍሬኑ!» ሲል ሰማሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮኸው።

ሽቦዬን አየሁ። ከመኪናዋ ወደ ተሳቢው እንደተዘረጋ አለ፤ አልተነቀለም፣ አልተበጠሰም። ማሰሪያዬን አየሁ፤ እንደነበረ ነው። እኔ ያሰርኩት ሽቦ አይፈታም ብያለሁ። ታዲያ ምን ነካው? ጆንያው በንዝረቱ ተገልቦ ኖሮ ያን ጊዜ መንጠቆውን አየሁት። ብር ያስመሰልኩት ብረት አይታይም። በቆዳ ተጀቡኗል፤ ቆዳው ላይ ቃጫ ተጠቅጥቋል፤ ቃጫው በቅቤ ተለውሷል። ተደርቦ፣ ተጠልፎ፣ በጠፍር ተወጥሮ ታስሯል። ድልድል ነው። በቅሎ ነጂ ጭነቱ ጀርባዋን እንዳይጎዳ ከኮርቻው ሥር የሚያኖረው ድልድል። ጋሼ ለኔ ነበር የሠራው። እኔ ካራቢኔሪ ዘንድ ላቤ ሲወርድ እሱ ወንድሜን ተሳቢው እንዳያንገላታው ብሎ፣ ሚስቱ ለመስቀል ያስቀመጠችውን ቅቤ ሳይቀር አምጥቶ፣ ብረት ብረትን እንዳይነካ አድርጎ የኤሌክትሪኩን መመለሻ ዘጋው።

ማዘን እንኳ አልቻልኩም፣ ጊዜ የለም። ሁለተኛው መታጠፊያ ይታያል፤ ከሱ ወዲያ ገደል ነው። ሸራው ላይ ለድንጋይ መፈንቀያ የተጫነ ዲጂኖ ነበር፤ መዘዝኩት። አስተርጓሚውን እግሬን ያዝ አልኩት። ምን ልታደርግ ነው አላለም። ኮቱን ረስቶ ሲሚንቶው ላይ በደረቱ ተኛና ሁለት እግሬን እቅፍ አድርጎ ያዘ። እኔ በተሳቢው ፊት ቁልቁል ተዘቀዘቅኩ። ፊቴ ከመሬቱ ክንድ አይርቅም፣ ጠጠሩ ይገርፈኛል። ዲጂኖውን አንዱን ጫፍ በመኪናዋ የኋላ ብረት ላይ፣ ሌላውን በተሳቢው ብረት ላይ አጋድሜ ተጫንኩት። ምንም የለም። ቀለሙ ነው የከለከለው። በጫፉ ፋቅኩት፣ እንደገና ተጫንኩ። ብልጭ አለ። ጎማዎቹ ሲጢጥ አሉ፤ ተሳቢው ወደ ኋላ ሲጎተት ሆዴ አወቀው። ከዚያ መንገዱ አነጠረንና ዲጂኖው ለቀቀ። እንደገና ገፋን። እንደገና ተጫንኩ። ሲነጥር ይለቃል፣ ስጫን ይይዛል። አንድ ጊዜ ሲነጥር ሌባ ጣቴ በሁለቱ ብረት መካከል ገባ፤ ስትደቅ ሰማኋት፣ አልለቀቅኩም። ጋሼ እጀታዋን ስቦ አልተዋትም ነበር። ቢተዋት ኖሮ የኔ መጫን ዋጋ አልነበረውም።

መኪናዋ ዓለቱን በጎኗ እየታከከች፣ መስተዋቷ ተሰብሮ፣ ከመታጠፊያው በፊት ቆመች።

አስተርጓሚው እግሬን ጎትቶ አወጣኝ። ጋሼ ከመሪው አልወረደም፤ እግሩን ከፍሬኑ ቢያነሳ መኪናዋ የምትሄድ መስሎታል። ፈረንጁ በወዲያኛው በር ወርዶ፣ ከመኪናዋ ፊት ዓለቱን ተደግፎ አስመለሰው። እሱም ሰው ነው፤ ፈርቷል። እኔ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ እየወሸቅኩ ሳለ ግን ፍርሃቴ ሌላ ሆነ። ይሄ ሰውዬ ቀና ሲል መጥቶ ያያል። መንጠቆው ላይ የተጠቀጠቀውን ሲያይ ማን አደረገው ይላል። ሾፌሩ። ሾፌሩ የኤሌክትሪኩን መንገድ ዘጋ፣ ሲሚንቶውን ሊደፋ፣ ፈረንጁን ሊገድል። ድልድል ምን እንደሆነ፣ ሰው ወንድሙን እንዴት እንደሚወድ ማን ያስረዳላቸዋል? ያንን ሾፌር ያቆሙበት ቦታ ታየኝ።

ቢላዬን አወጣሁ። ጠፍሩን በጠስኩ፣ ቆዳውን፣ ቃጫውን፣ ቅቤውን፣ ጆንያውን አንድ ላይ ጠቅልዬ ገደሉ ውስጥ ወረወርኩት። ቀና ስል አስተርጓሚው እያየኝ ነው። ከሥር እስከ ላይ ሁሉን አይቷል፤ ሞኝ ሰው አልነበረም። አንድ ቃል ከተናገረ ጋሼ አለቀለት። ዓይን ለዓይን ተያየን። እንዲያ የጠላሁትን ሰው በሆዴ ስለምነው ይታወቀኛል።

ፈረንጁ አፉን እየጠረገ መጣ። ገደሉን ተመለከተ፣ ምን ነው የጣለው ብሎ ጠየቀ። ጣሊያንኛ ከአርመኑ ደንበኞች ለምጄ ትንሽ ትንሽ እሰማ ነበር። አስተርጓሚው ፊቱን ሳይለውጥ፣ እጁ ደምቷል፣ የጠረገበትን ጨርቅ ነው አለው። ጣቴን አሳየሁት። ከዚያ ፍሬኑ ለምን አልያዘም ብሎ ወደኔ ዞረ። ጋሼ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እኔን ያያል። እሱም የሚጠብቀው መልስ አለ።

«የኔ ጥፋት ነው» አልኩ። «ሽቦውን በደንብ አላሰርኩትም። ላልቶ ነው።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። ግን እንዳልኩት አይደለም፣ ከራሱ ጨመረበት። ይሄ ሰው ሥራ አያውቅም አለው። አውቃለሁ ብሎ ዋሽቶ ነው እንጂ ደንቆሮ ነው፣ ሽቦ ማሰር እንኳ አይችልም፣ ከዚህ የከፋ ተንኮል የሚያስብበት አንጎል የለውም አለው። እየሰማሁት ደሜ ፈላ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ፈላ፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ። አፌን ልከፍት ነበር። ከዚያ ገባኝ። ሰውየው ከግድግዳው ፊት እያወጣን ነው፤ ተንኮለኛ ይረሸናል፣ ደንቆሮ አይረሸንም። ዝም አልኩ።

ፈረንጁ በጥፊ መታኝ፣ እንደገና እሰረው አለኝ። እኔም ፊቱ ተንበርክኬ ያንን ደህናውን ማሰሪያዬን ፈታሁት። በደማ ጣቴ ያጠበቅኩትን፣ አንድ እንከን የሌለበትን ማሰሪያ ፈትቼ፣ እንደ ጀማሪ እየተደናበርኩ መልሼ አሰርኩት። ጋሼ እጀታዋን ሳበ፤ ብረት ብረትን ነክቷልና ያዘ። ፈረንጁ አየህ አለው ለአስተርጓሚው። ቀሪውን ቁልቁለት ቋ፣ ቋ እያልን፣ እየዘለልን ወረድን፤ ወገቤ ተቆራረጠ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም።

ጋሼን ምንም አላሉትም። እኔን ግን ዋሽተህ ሥራ አበላሽተሃል ብለው ገረፉኝና ጊቤ ዳር ካለው የእስረኞች ሰፈር ድንጋይ ፈላጭ አደረጉኝ። ወባው፣ ሙቀቱ፣ ጅራፉ፣ እሱን አልዘረዝርም፤ ብዙ ሰው ከኔ የባሰ አይቷል። ጋሼ ያን ዕለት ጊቤ ዳር እንደደረስን ድልድሉን ጠየቀኝ። የት ሄደ አለ፤ መንገድ ላይ ወደቀ አልኩት። ሌላ እሠራለሁ ሲለኝ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች፤ ፈረንጁ መንጠቆው ላይ አንዳች ነገር እንዳይደረግ ከልክሏል፣ የነካው ይገረፋል ብዬ አስፈራራሁት። እያጉረመረመ ተወው።

እውነቱን ለምን አልነገርከውም ትሉኝ ይሆናል። ጋሼን ስለማውቀው ነዋ። እኔ በሱ ጥፋት ድንጋይ እንደምፈልጥ ቢያውቅ አንድ ቀን አያድርም፤ ሄዶ ፈረንጁ ፊት ይቆምና እኔ ነኝ ይላል። ማንም አያስቆመውም።

ከዚያ በኋላ ሲሚንቶ ባወረደ ቁጥር በጥበቃዎቹ በኩል ለምኖ ያገኘኛል። ሚስቱ የጋገረችውን ቆጮ በኮባ ጠቅልሎ፣ አይብ ቢገኝ አይብ፣ በርበሬ ጨምሮ ያመጣልኛል። እበላለሁ። እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይቆጣኛል። አዲስ አበባ ያን ያህል ጊዜ ተቀምጠህ ሽቦ ማሰር አልተማርክም ይለኛል። ምን ነበረበት ደህና አድርገህ ብታጠብቀው? ዓይንህ የት ነበር? ሁልጊዜ ጉራ ብቻ። አንዳንዴም ሌሎቹ እስረኞች እየሰሙ ይለኛል፤ ይስቃሉ። ለሌላ ሰው ቢሆን ድንጋይ መፍለጫውን ባነሳሁበት። ዘንድሮ መስቀልን ያለኔ እንደዋሉ፣ እናታችን ፊት ያንተን ነገር መናገር አፍሬ ዝም አልኩ ብሎም ነገረኝ። እንዲህ እያለኝ ዓይኑ እንባ ያቀራል።

አንድ ቀን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ተናዶ መጣ። ከስቼ አይቶኝ ነው የተናደደው፤ ወባው ይዞኝ ነበር።

«እኔ ያችን ድልድል ባልሠራልህ ኖሮ» አለኝ፣ «በዚያ መንገድ ጀርባህ ተሰብሮ ነበር። የኔን ሥራ አየህ? ከበቅሎ ጀምሮ የኔ ሥራ ሰው አሳፍሮ አያውቅም። አንተስ?»

ብዙ ነገር ምላሴ ላይ መጣ። ጣቴን አየሁት፤ ተቆልምሞ ነው የዳነው። ከዚያ ፊቱን አየሁት፤ ተርፎ፣ ቆሞ፣ እየተቆጣኝ ነው። ወንድሜ በሕይወት አለና ይቆጣኝ።

«እውነትህን ነው ጋሼ» አልኩት። «ያንተን ያህል ሥራ አላውቅም።»

ትንሽ በረደለት። የቀረውን ቆጮ ወደኔ ገፋ አድርጎ ብላ አለኝ። በላሁ።